ስም ያስጠራል፣ ሥራ ያስቀጥራል
ብርቅ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልማር ወይ ብላ ለጠየቀች ተመራቂ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ከዲላ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀሽ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሽ ሥራ ፍለጋ ላይ ነሽ። በቴሌግራም የሚወጡት ማስታወቂያዎች ፍላተር፣ ላራቬል፣ ሪአክት እያሉ ያንኑ ይደጋግማሉ፤ ለአንድ ክፍት ቦታ የሚያመለክተው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ጓደኞችሽ «ሁሉም የሚያውቀውን ብታውቂ ማን ዞር ብሎ ያይሻል? ሃስኬል ወይም ረስት ተማሪ፤ ብርቅ ቋንቋ የምታውቅ ልጅ ጉብዝናዋ ሲቪዋ ላይ ይታያል» አሉሽ። አንቺም «ጋሼ፣ እውነት ነው ወይ?» አልሽኝ።

ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን እንደ ሙሉ ይዘሽ አንድ ዓመት ሙሉ እንዳትለፊበት ስለፈራሁ በቁጥር ለይቼ ልጻፍልሽ። ዕድሜዬን የገፋሁት ኮድ በመጻፍና ኮድ ጻፊዎችን በመቅጠር ነው፤ የምነግርሽም ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ነው።

1. ሐሳቡ ከየት እንደመጣ እወቂ

ይህን ሐሳብ በዓለም ላይ ያናኘው ፖል ግራሃም የሚባል ፕሮግራመርና ጸሐፊ ነው። ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1995 ቪያዌብ የተባለ፣ ነጋዴዎች በኢንተርኔት ሱቅ የሚከፍቱበት ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ከባልደረቦቹ ጋር መሠረተ፤ አብዛኛውን ሶፍትዌር የጻፉት በሊስፕ ነበር። ተፎካካሪዎቻቸው ሊስፕን ለንግድ ሥራ አያስቡትም ነበር። በ1998 ያሁ ድርጅቱን ገዛው።

በ2004 ባወጣው አጭር መጣጥፍ ደግሞ ክርክሩን በፓይተን ላይ አደረገ። በዚያ ዘመን ሥራ የሚፈልግ ሁሉ የሚማረው ጃቫ ነበር፤ ፓይተን እንጀራ አያበላም ነበር፤ የሚማረው የወደደው ብቻ ነበር። ስለዚህ ፓይተን የሚያውቅ ሰው የሚፈልግ ድርጅት ሙያውን ከልቡ የሚወድ ሰው ያገኛል ብሎ ደመደመ።

ልብ በይ፤ ቋንቋው ሰውን ያጎብዛል አላለም። ማንም ሳይከፍለው የተማረ ሰው ሙያውን ይወዳል፤ ሙያውን የሚወድ ደግሞ እየጎበዘ ይሄዳል ነው ያለው። የክርክሩ ክብደት ያለው ፍቅሩ ላይ ነው፤ ቋንቋው የፍቅሩ ምስክር ብቻ ነው። ጓደኞችሽ የነገሩሽ ስለ ምስክሩ ነው፤ ስለ ፍቅሩ የነገረሽ የለም።

2. ምልክት ሲለመድ ዋጋው ይወርዳል

ማይክል ስፔንስ የሚባል የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ሥራ ገበያ ምልክቶች ጻፈ፤ በ2001 ከጆርጅ አከርሎፍና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲጋራ ይህ ሥራው ዋናው ምክንያት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቀጣሪ የአመልካችን ችሎታ በዓይኑ ማየት ስለማይችል በሚታይ ነገር ይገምታል። ያ የሚታይ ነገር ምልክት የሚሆነው ችሎታ ለጎደለው ሰው ማግኘቱ ከባድ፣ ችሎታ ላለው ግን ቀላል ሲሆን ነው። ሁለቱም በእኩል ድካም የሚያገኙት ከሆነ ለቀጣሪው ምንም አይነግረውም።

በግራሃም ፓይተን ላይ የሆነውን እዪ። በ2004 የጥቂት ወዳጆች ቋንቋ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ሰው ከሚማራቸው ቋንቋዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ሲቪሽ ላይ ፓይተን ብለሽ ብትጽፊ ስለ ፍቅርሽ የሚገምት ሰው የለም። ረስትም በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው የተረጋጋ እትሙ በ2015 ወጣ፣ በ2022 መጨረሻ የሊኑክስ እምብርት ውስጥ ገባ፤ አሁን ለሥራ ብሎ የሚማረው ሞልቷል። በአገራችንም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ የኦንላይን ሰርተፊኬት በየቤቱ ገብቷል። መብዛቱ ለአገር ጥሩ ነው፤ አንቺን ከሌላው ለመለየት ግን አይበቃም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ፦ ሲቪ ላይ መጻፍ ክልክል ቢሆን ይህን ቋንቋ እማረው ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ተማሪው፤ አይደለም ከሆነ ጊዜሽን ለሌላ ነገር አውዪው።

3. በአገራችን የሆነውን ተመልከቺ

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ 20 ያህል ወጣት ሴቶች ለወራት ተቀምጠው ሃስኬል ተምረዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ ጥቂቶቹ ኡጋንዳውያን ነበሩ። ያስተማራቸው ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የገነባው አይ.ኦ.ኤች.ኬ. የተባለ ኩባንያ ነው፤ ቀደም ባለው ዓመት ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞ ነበር። ተመሳሳይ ሥልጠና ከዚያ በፊት በአቴንስና በባርቤዶስ ሰጥቷል። ሃስኬል የመጀመሪያ እትሙ በ1990 የወጣ፣ ከሒሳብ የተወለደ ቋንቋ ነው፤ ካርዳኖ የመረጠው ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ኮድ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ያመቻል ብሎ ነው። ከተመራቂዎቹ መካከል እዚያው ኩባንያ ውስጥ ሥራ ያገኙ ነበሩ።

ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አይኮግ ላብስ፣ የሶፊያ ሮቦት ሶፍትዌር ላይ የሠሩ ልጆች ያሉበት ቤት፣ ኦፕንኮግ ከተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮጀክት ጋር ሲሠራ ስኪም የተባለውን የሊስፕ ዘመድ ተጠቅሟል። በኋላም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ተብሎ በተፈጠረው ሜታ በሚባል ቋንቋ ኢትዮጵያውያን ኮድ ጽፈዋል፤ ይህ ሜታ ከፌስቡኩ ኩባንያ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው።

ከሁለቱም የምትማሪው አንድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሃስኬል የተማሩት ልጆች የተመረጡት ሃስኬል ስለሚያውቁ አልነበረም። ፕሮግራም መጻፍ የሚችሉና ከባድ ነገር ለመማር የማይሰለቹ ስለነበሩ ነው፤ ቋንቋውን ቀጣሪው ራሱ አስተማራቸው። ኦካምል በተባለ ብርቅ ቋንቋ የሚሠራው የኒውዮርኩ ጄን ስትሪትም ቋንቋውን ቀድሞ ማወቅን ለቅጥር ግዴታ አያደርግም፤ ከቀጠረ በኋላ ያስተምራል። ብርቅ ቋንቋን እውነት የሚጠቀሙበት ድርጅቶች የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑን ስለሚረዱ፣ የሚፈልጉት የመማር አቅም ያለውን ነው። የማይጠቀሙበት ደግሞ ብታውቂውም ምን እንደሚያደርጉበት አያውቁም።

4. በጓዳ ያሉትን ቋንቋዎች አትናቂ

ብርቅ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው አዲስና የሚያምረውን ነው። በአገራችን እንጀራ የሚያበሉት ብርቅ ቋንቋዎች ግን ማንም የማያወራላቸው ናቸው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ የሚሠራበት ቲ24 የሚባል የቴሜኖስ ሶፍትዌር ነው፤ ባንኮች ቲ24ን ለራሳቸው አሠራር ሲያስተካክሉ የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ጄቢሲ ወይም ኢንፎቤዚክ በሚባል ከቤዚክ ቤተሰብ በመጣ ቋንቋ ነው። ዳሸን ባንክ የሚገለገልበት የኦራክል ፍሌክስኪዩብ ደግሞ ፒኤል ኤስኪውኤል የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ጄቢሲን ክፍል ውስጥ የሚያስተምርሽ የለም፤ ቤትሽ ተቀምጠሽ የምትለማመጂበት ቲ24ም አታገኚም። ባንኩ ቀጥሮ ያስተምራል። ታዲያ ሲቀጥር ምን ያያል? ኤስኪውኤል በደንብ መጻፍሽን፣ ዴቢትና ክሬዲት ምን እንደሆነ መረዳትሽን፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ያረጀ ኮድ በትዕግሥት ማንበብ መቻልሽን ነው።

ዓለምም እንዲሁ ነው። ኮቦል እ.ኤ.አ. በ1959 የተጠነሰሰ ቋንቋ ነው። በ2020 በኮቪድ ምክንያት የሥራ አጥነት ድጎማ ጠያቂ ሲበዛ፣ የወቅቱ የኒው ጀርዚ ገዥ ፊል መርፊ ያረጁትን የክልሉን ኮምፒውተሮች የሚያግዙ ኮቦል አዋቂ በጎ ፈቃደኞች በአደባባይ ጠርተዋል። ቋንቋ የሚፈለገው ስለተወራለት ብቻ አይደለም፤ የሰው ኑሮ የተንጠለጠለበት ሥርዓት ስለተጻፈበትም ነው።

5. አንዱን ቋንቋ እስከ ሥሩ እወቂው

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። በኢንተርቪው ጠረጴዛ ዘጠኝ ቋንቋ የዘረዘረ ሲቪ ብዙ አይቻለሁ። ለእንደዚያ ዓይነት አመልካች የምሰጠው ጥያቄ ቀላል የሚመስል ነው፦ በመረጥከው ቋንቋ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚለውጥ ፕሮግራም ጻፍ።

ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ጳጉሜ አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 6 ቀን ናት። 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ስታካፍይው ሦስት ሲተርፍ ማለት ነው። 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ ስለዚህ የ2016 አዲስ ዓመት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ፋንታ ሴፕቴምበር 12 ዋለ። ጎበዟ አመልካች ኮድ ከመጀመሯ በፊት «ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን እንደ መፈተኛ ልውሰደው?» ትላለች። ያን የጠየቀችው ልጅ በተራ ፒኤችፒ ብትጽፈውም ከመረጥኳቸው ውስጥ ናት። ዘጠኝ ቋንቋ የዘረዘረው ብዙ ጊዜ ዓመቱን ሁሉ በ365 አባዝቶ ይጨርሳል።

ሁለተኛ ጥያቄዬ የስም ፍለጋ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችን ሴት «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ ሰው እንዴት ያገኛታል? ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ለፍለጋ አንድ አድርጎ፣ የስሙን አጻጻፍ ግን እንደተመዘገበ መተው የሚያስብ ሰው ስለ ተጠቃሚው ያስባል። ይህን የሚያስተምር ብርቅ ቋንቋ የለም።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. በንግድ ባንክ ላይ የደረሰውንም ታስታውሺያለሽ። በአንዲት ሌሊት ደንበኞች፣ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ጭምር፣ ከሒሳባቸው በላይ አወጡ፤ ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር ገልጾ በኋላ አብዛኛው ተመልሷል ብሏል። ምክንያቱም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ማሻሻያ ወቅት የተፈጠረ ችግር መሆኑ ተነገረ። ከእንደዚህ ዓይነት ሌሊት አገር የሚያድነው «ይህ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ቢመጣስ? መረጃው መሐል ላይ ቢቋረጥስ?» ብሎ ሥራው ከመለቀቁ በፊት የሚፈትን ሰው ነው። ትራንዛክሽን ምን እንደሆነ፣ ኢንዴክስ እንዴት እንደሚሠራ፣ የስሕተት መልእክት እንዴት እንደሚነበብ፣ ጊትን እንዴት እንደሚጠቀሙ በአንድ ቋንቋ እስከ ሥሩ እወቂ። አሁን ኤአይ በታወቁ ቋንቋዎች ኮድ በሰከንድ ይደረድርልሻል፤ የተደረደረው ትክክል መሆኑን የምታውቂው ግን ሥሩን ካወቅሽ ብቻ ነው።

6. እንግዳውን ቋንቋ ለአስተሳሰብሽ ተማሪው

አንዱን ከያዝሽ በኋላ አንድ እንግዳ ቋንቋ ተማሪ፤ ይህን ከልቤ እመክርሻለሁ። ከለመድሽው ጋር የሚመሳሰል አይሁን፤ ጃቫ የምታውቂ ልጅ ሲሻርፕን ብትጨምሪ አስተሳሰብሽ ብዙ አይንቀሳቀስም። ሃስኬል ስሌትን ከውጭው ዓለም ጋር ከሚነካካው ሥራ መለየት ያስተምርሻል። ረስት አንድ መረጃ በማን እጅ እንዳለ፣ ስሕተት ቢፈጠር ማን እንደሚይዘው በግልጽ እንድትጽፊ ያስገድድሻል። ፕሮሎግ ኮምፒውተሩን እንዴት አድርግ ከማለት ይልቅ እውነታውን ነግሮ መጠየቅን ያሳይሻል።

ኧርላንግን ውሰጂ። ኤሪክሰን ውስጥ በ1980ዎቹ የተወለደው ለስልክ ማዞሪያ ነው፤ አንዱ ጥሪ ቢበላሽ ሌሎቹ እንዳይቋረጡ ተብሎ። ዋትስአፕ የተገነባው በእርሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ፌስቡክ በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ሲስማማ ዋትስአፕ 450 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ነበሩት፣ መሐንዲሶቹ ግን 32 ያህል ብቻ ነበሩ። ቋንቋው ለሥራው ስለተስማማ ጥቂት ሰው ብዙ ሠራ። የምትወስጂው ትምህርት «ሁሉን በኧርላንግ ጻፊ» አይደለም፤ የአንዱ ክፍል ውድቀት ሌላውን እንዳይጎትት አድርጎ ማነጽን ነው። ያን ሐሳብ በላራቬል ሥራሽ ላይ ስታመጪው ቀጣሪሽ ልዩነቱን ያያል፤ ከየት እንዳመጣሽው ባያውቅም።

በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይበቃል። አንድ ትንሽ ነገር ሠርተሽ ሳትጨርሺ ሌላ ቋንቋ አትጀምሪ።

7. ዕድል ያላገኘሽውን እንደ ድክመት አትቁጠሪው

ይህን በተለይ ላንቺ ነው የምጽፈው። ከጌዴኦ ገጠር፣ ከቡሌ ወይም ከኮቸሬ መጥታ የመጀመሪያ ኮምፒውተሯን በዲላ ዩኒቨርሲቲ ኦዳያ ግቢ ላብራቶሪ ውስጥ የነካች ልጅ አለች። በአሥራ አራት ዓመቱ የራሱ ላፕቶፕ፣ የማይቋረጥ መብራትና ኢንተርኔት ያለው ልጅም አለ። እርሱ ሃስኬል ቢያውቅ ሙያውን መውደዱን ብቻ አያሳይም፤ ጊዜና መሣሪያ እንደነበረውም ያሳያል። እርሷ ባታውቅ ሙያውን አትወድም ማለት አይደለም፤ በሞባይል ዳታ እየቆጠበች ሲ ፕላስ ፕላስ የለመደች ልጅ ፍቅሯ ከእርሱ ይበልጥ ይሆናል።

ስለዚህ የሌሎችን የቋንቋ ዝርዝር እያየሽ አንገትሽን አትድፊ። ከየት ተነሥተሽ የት እንደደረስሽ በኢንተርቪው ላይ ሳታፍሪ ተናገሪ። የተጓዝሽው ርቀት የመማር አቅምሽ ማስረጃ ነው፤ አስተዋይ ቀጣሪም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

8. ሥራሽን ከደጅሽ ጀምሪ

ቋንቋ ስም ነው፤ ሥራ ግን ይታያል። ደግሞ የሚሠራ ነገር ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ አይጠበቅብሽም፤ ጌዴኦ ውስጥ የዓለም ገበያ የሚጠይቀው ሥራ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ቡና ወደዚያ የሚልክ ሁሉ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ማቅረብ ይኖርበታል፤ ደን ተመንጥሮ የተተከለ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ሁለት ጊዜ ቢራዘምም ጥያቄው አልቀረም። ማሳው ከአራት ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው ይለካል፤ ካነሰ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ቁጥሩ ግን ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አኃዝ ይፈልጋል። የይርጋጨፌ፣ የወናጎ፣ የገደብ ገበሬ ማሳ በአብዛኛው ከአራት ሄክታር በጣም ያነሰ ነውና እልፍ ነጥብ መሰብሰብ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላሳይሽ። ዲላ በሰሜን ኬክሮስ 6.4፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38.3 ገደማ ላይ ናት። የስልክ ካርታ ኬክሮሱን ያስቀድማል፤ ጂኦጄሰን የሚባለው የፋይል ዓይነት ደግሞ ኬንትሮሱን ያስቀድማል። መዝጋቢው ሁለቱን ካገላበጠ የገበሬው የቡና ማሳ ከአልጄሪያ በስተሰሜን ሜዲትራንያን ባሕር ላይ ይወድቃል። ነጥቡ ከጌዴኦ ወሰን ውጭ ከሆነ የሚያስቆም፣ አንዱ ማሳ ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ የሚለይ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ይዞ ቆይቶ ኔትወርክ ሲገኝ የሚልክ ትንሽ መተግበሪያ በፍላተር መሥራት ትችያለሽ።

ከበድ ያለም አለ። በጌዴኦ እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች በአንድ ማሳ አብረው ይኖራሉ፤ ዩኔስኮ መስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያከበረው ይህንን የአያቶችሽን ዕውቀት ነው። ከሳተላይት ሲታይ ግን በጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡና ደን ሊመስል ይችላል፤ አንድ ዛፍ ሲቆረጥም የደን ምንጠራ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ይህን የሚያጠና፣ በፓይተንም ሆነ በአር የተጻፈ ሥራ ያላት ልጅ ጊትሃቧን ሲከፍቱላት ማንም የቋንቋ ዝርዝር አይጠይቃትም።

ለፊደላችን የለፉትን አስቢ። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ከደከሙት አንዱ ዳንኤል ያዕቆብ ነው። ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ወደ ሥርወ ቃላቸው ይመልሳል፤ የተጻፈውም በፓይተን ነው። ሁለቱም የሚታወቁት በፈቱት ችግር ነው። የጌዴኦ ቋንቋ ጌዴኡፋም የቃላት ማረሚያ የሚሠራላት ልጅ ያስፈልጋታል።

9. ሲቪሽ ላይ የሠራሽውን ብቻ ጻፊ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስታመለክቺ ውጤትሽ፣ የጽሑፍ ፈተናሽና ማስታወቂያው የጠየቀው ይቆጠራል፤ በነጥብ መስጫው ላይ ለሃስኬል የተዘጋጀ ቦታ የለም። በግል ድርጅትም ሲቪሽን መጀመሪያ የሚያነበው የሰው ሀብት ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ የሚፈልገው ማስታወቂያው ላይ ያሉትን ቃላት ነው። ስለዚህ የተጠየቀውን አስቀድሚ። እንግዳ ቋንቋሽን ከታች በአንድ መስመር፣ ከሠራሽበት ነገር ጋር አያይዘሽ ጻፊው፦ ረስት ብቻ ሳይሆን በረስት ምን እንደሠራሽ። የነካካሽውን ከሠራሽበት ለዪ።

የቡና ልጅ ነሽና ይገባሻል። ጆንያው ላይ «ይርጋጨፌ» ሲባል ገዢው ቀና ብሎ ያያል፤ ስሙ ያንን ያህል ክብር አለው። ነገር ግን ናሙናው ሳይቆላ፣ ሳይፈጭ፣ ቀማሹ በማንኪያ ሳይቀምሰው ውል አይፈረምም። ብርቅ ቋንቋ ቢበዛ ቀና ብለው እንዲያዩሽ ያደርጋል። ቀጥሎ «ይህ ቋንቋ የማይመችበት ሥራ የትኛው ነው? ለምን መረጥሽው? ምን አስቸገረሽ?» ብለው ይጠይቁሻል። ያኔ መልስ ከሌለሽ ባትጽፊው ይሻልሽ ነበር።

10. ቀጣሪ ስትሆኚ ፍርድሽን አስተካክዪ

አንድ ቀን ቀጣሪ ትሆኛለሽ። ሽሚትና ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች የ85 ዓመት ጥናቶችን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያጠቃልሉ፣ አመልካቹን የሥራውን ናሙና ማሠራት ወደፊት ምን ያህል እንደሚሠራ ከሚጠቁሙት መንገዶች ግንባር ቀደሙ ሆኖ አገኙት፤ የልምድ ዓመታት ብዛት ግን በጣም ደካማ ነበር። በ2022 ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን ሲያርሙት አብዛኛው ቁጥር ዝቅ አለ፤ ለሁሉም አመልካች እኩል ጥያቄ ቀርቦ በእኩል መለኪያ የሚታረም ኢንተርቪው ደግሞ ከፊት ቆመ።

ስለዚህ ሲቪ ላይ ባየሽው ብርቅ ስም አትደነቂ፣ በሌለውም አትፍረጂ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ስጪ፤ ውጤቱን አይተሽ ፍረጂ። ከገጠር የመጣችው ልጅ ሚዛን ላይ የምትቀመጠው ያኔ ነው።

ልጄ፣ ፍርዴ ይህ ነው። ብርቅ ቋንቋ ማወቅ ብቻውን ጎበዝ አመልካች አያደርግሽም፤ ጎበዝ የሆነ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ እንግዳ ቋንቋ ወዶ መማሩ አይቀርም። ቅደም ተከተሉን አታገላብጪ። በሚቀጥሉት ወራት ከያዝሽው ቋንቋ አንዱን ከኤስኪውኤል ጋር እስከ ሥሩ አጥኚ፤ ለይርጋጨፌ ገበሬ የሚጠቅም አንድ መተግበሪያ ጨርሰሽ ሰው እጅ ላይ አድርሺ፤ ከዚያ ልብሽ የወደደውን እንግዳ ቋንቋ ጀምሪ። ማመልከቻሽንም ከዛሬ ጀምረሽ መላክ አታቋርጪ።